የሩንዳን ሰዓት ማን ይቆጥረዋል?

በዚህ እትም ስለ ሥራ ሰዓት መነጋገር ፈለግን። ሥራ በጠፋበት ካምፕ ተቀምጦ ስለ ሥራ መብዛት ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ይመስላችሁ ይሆናል። «እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ቀን እንቆጥራለን፣ እነሱ እዚያ ሥራ በዛብን ይላሉ!» የሚል ሰው በየብሎኩ አለ። አንፈርድበትም። ከውሃ ሰልፍና ከሬሽን ሰልፍ በቀር ከቤት የሚያስወጣው ጉዳይ ያጣ ሰው፣ በቀን አሥራ አምስት ሰዓት የሚሠራው ዕድለኛ ቢመስለው አይገርምም።

ግን ከመካከላችን ናይሮቢ ልጅ፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ስንቱ ነው? ናይሮቢ ሲባል ደግሞ ሁሉም ኢስሊ አይደለም። ከወገኖቻችን በተለይ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ሴቶች የሚውሉትም የሚያድሩትም ሀብታም ሰፈር ነው። ከእነዚህ ሰፈሮች አንዱ ሩንዳ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን እነሱን ይመለከታል፤ የሚልኩትን የምንቀበለውን እኛንም ይጨምራል። (ዓመተ ምሕረቶቹ የእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሩንዳን ለማታውቁት፦ ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተሰሜን፣ በሊሙሩ መንገድና በኪያምቡ መንገድ መካከል ያለ ሰፈር ነው። ድሮ የቡና እርሻ ነበር። ጎረቤቱ ጊጊሪ ሲሆን የተባበሩት መንግሥታት የናይሮቢ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። በመሆኑም ሩንዳ የዲፕሎማቶች፣ የድርጅት ኃላፊዎች፣ የትልልቅ ነጋዴዎችና የባለሥልጣናት መኖሪያ ሆኗል። ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ረጅም፣ በሩ በአስካሪ የሚጠበቅ ነው። ከዚሁ ሰፈር ጥግ ደግሞ ጊቶጎሮ የሚባል የቆርቆሮ መንደር አለ። ሩንዳን የሚያጥበው፣ የሚያበስለውና አትክልቱን የሚያጠጣው ሰው ብዙው የሚያድረው እዚያ ነው፤ ትንሽ የተሻለው ወጣ ብሎ ሩዋካ ይከራያል። የሩንዳ ሣር ለምን ሁልጊዜ እኩል እንደተቆረጠ ለማወቅ የፈለገ፣ ጠዋት ጠዋት ከጊቶጎሮ በእግር የሚወጣውን ሕዝብ ማየት ይበቃዋል።

የእኛዎቹ ግን አብዛኞቹ እዚያው ግቢ ያድራሉ። ኬንያውያን «ኤስ ኪው» የሚሉት፣ እኛ አገር ሰርቪስ ቤት የምንለው አንድ ክፍል ከዋናው ቤት ጀርባ አላቸው። ኪራይ የለበትም፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት አይጠይቅም፤ እራትም አይታጣም። ለስደተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ቤትና ሥራ ቦታ አንድ ሲሆኑ የሥራ ሰዓት የት እንደሚያልቅ የሚያሳይ በር አለመኖሩ ነው።

ቀኑ እንዲህ ይውላል

አንድ በግቢ የምታድር ሠራተኛ ቀኗ በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች። (ስዋሂሊም እንደኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ በዚህ እንኳ ከባለቤቶቹ ጋር አንጣላም።) የልጆቹ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ስለሚቆም ቁርስ፣ የምሳ ዕቃ፣ የተተኮሰ ዩኒፎርም ከዚያ በፊት መድረስ አለባቸው። ከዚያ አልጋ ማንጠፍ፣ ወለል መወልወል፣ ልብስ ማጠብና መተኮስ፣ ሕፃኑን ማጥባት፣ ማብላት፣ ማስተኛት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ ይመለሳሉ። ጌታው ከሥራ የሚመጡት በናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ ምክንያት ማታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ እራቱ የሚቀርበው ያኔ ነው። ሳህኑ ታጥቦ፣ ምድጃው ተወልውሎ፣ የነገው ዩኒፎርም ተሰቅሎ ወደ ክፍሏ ስትገባ አራት ሰዓት ይሆናል።

ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት አሥራ ሰባት ሰዓት ነው። ለምሳ፣ ለቡናና ጋደም ለማለት ሁለት ሰዓት ቀንሱላት። አሥራ አምስት ሰዓት ቀረ። በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠራ 90 ሰዓት ማለት ነው።

ይህም የእጅ ሥራው ብቻ ነው። ከመኝታ በኋላ ሕፃን ሲያለቅስ መነሣት፣ እኩለ ሌሊት የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ምግብ ለማሞቅ መውጣት፣ እሑድ «እንግዳ ሊመጣ ይችላልና አትራቂ» ተብሎ መቀመጥ አለ። እነዚህን ማንም ሥራ ብሎ አይጠራቸውም። «ታዲያ ምን ሠራች? ቁጭ ብላ ነው የዋለችው!» ይባላል። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የካምፕ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልገው አይመስለንም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣው ስምምነት፣ ቁጥሩ 189 የሆነው፣ ይህንን ነገር ለይቶ አንሥቶታል። ሠራተኛዋ ጊዜዋን እንደ ፈቃዷ ልትጠቀምበት ሳትችል ለቤቱ ጥሪ ተዘጋጅታ የምትቆይበት ሰዓት፣ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን እንደ ሥራ ሰዓት ይታይ ይላል። በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣት ይላል። ስምምነቱን ያላጸደቀ አገር አይገደድበትም፤ ሐሳቡ ግን የት እንደደረሰ ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ነገር አለ። በአገራችን ሕግ የቤት ሠራተኛ ሰዓት ቁጥር የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156፣ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም የወጣው፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ለግል አገልግሎት ሰው ቤት የሚሠራን ሠራተኛ ግን አይጨምርም፤ ለእነሱ ልዩ ደንብ ይወጣል ብሎ ያልፋል። ከእሱ በፊት ያለው የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አሠሪው አብራው ለምትኖር ሠራተኛ ስለ መኝታዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ጊዜዋ ጤናዋን የሚጠብቅ ተገቢ ጥንቃቄ ያድርግ ይላል። ጥሩ ነው፤ «ተገቢ» ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም። እንግዲህ ከዚያ የመጣች ልጅ ሰዓት የሚባል ነገር ለቤት ሠራተኛ አለ ብላ ባትጠይቅ አይፈረድባትም።

ኬንያ ግን ቁጥር አለው። የ2007ቱ የሥራ ቅጥር ሕግ የቤት ሠራተኛን አልለየም፤ ሠራተኛ ሠራተኛ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን፣ ዓመት ለሠራ 21 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። የሳምንቱ መደበኛ ሰዓት በደመወዝ ደንቡ 52 ሲሆን በስድስት ቀን የሚከፈል ነው፤ ለሌሊት ሥራ 60 ነው። ከዚያ ያለፈው ኦቨርታይም ይባላል፤ በሥራ ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ በዕረፍትና በበዓል ቀን ሁለት እጥፍ ይከፈላል። ለናይሮቢ የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ፣ ቤት ሠራተኛ፣ ሞግዚትና አትክልተኛ የሚገኙበት መደብ፣ በኖቬምበር 2024 16,113 ሺሊንግ ከ75 ሳንቲም ሆኗል። መኖሪያ ያልተሰጠው ሠራተኛ በዚህ ላይ 15 በመቶ የቤት አበል ይጨመርለታል።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ደንቡ የአንድ ሰዓት ዋጋ ለማግኘት የወሩን ደመወዝ ለ225 አካፍሉ ይላል። 16,113.75 ለ225 ሲካፈል 71 ሺሊንግ ከ62 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። የኦቨርታይም ሰዓት አንድ ተኩል እጥፉ ነውና 107 ሺሊንግ ከ42 ሳንቲም ነው። ያቺ በሳምንት 90 ሰዓት የምትሠራው ልጅ ከ52 በላይ 38 ሰዓት ትርፍ ሠርታለች። 38 በ107.42 ሲባዛ በሳምንት 4,081 ሺሊንግ ከ96 ሳንቲም፣ በአራት ሳምንት 16,327 ሺሊንግ ይሆናል።

ደግማችሁ አስሉት። ከወር ደመወዟ ይበልጣል! ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ የምታገኝ ብትሆን እንኳ ከሠራችው ግማሹ አልተከፈላትም ማለት ነው። ሰባት ወይም ስምንት ሺህ እየተቀበለች ከሆነማ ሒሳቡን ለእናንተ ትተናል። ከ2024 ወዲህ የወጣ ጭማሪ ካለም ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ለዘበኞቹም እንዲሁ ነው። የሩንዳ አስካሪ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 12 ይቆማል። በስድስት ሌሊት 72 ሰዓት ነው። ሕጉ ለሌሊት ሥራ ከሚለው በ12 ሰዓት ይበልጣል። ከእኛ ወንዶች ጥቂቶች በዚህ ሥራ አሉ፤ ብዙ ግን አይደሉም፣ ኩባንያዎቹ የኬንያ መታወቂያ ስለሚፈልጉ።

«እንደ ልጄ ነው የማያት»

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንግባ። ሩንዳ ያለው አሠሪ ሁሉ ፈረንጅ ወይም ኬንያዊ አይደለም። የእኛም ሰው አለ፤ በትልልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ በንግድ የተሳካለት። እንዲህ ያለው ሰው ሠራተኛ ሲፈልግ ወደ ወገኑ ይመለከታል። እንጀራ የምትጋግር፣ ለልጆቹ አማርኛ የምታስተምር፣ ቡና የምታፈላ ይፈልጋል። በዚህ ነቀፌታ የለንም። ካምፕ ካለች ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ጋር ስልክ ይደወላል፤ «ልጅቷን ላኪልኝ፣ እንደ ልጄ ነው የማያት» ይባላል። እናትም ደስ ይላታል። ደመወዝ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ «ኧረ ምን በወጣን፣ እርስዎ እንዳደረጉ» ትላለች።

እንደ ልጅ ማየት ትልቅ ቃል ነው። ነገር ግን የቤቱ ልጅ ጠዋት በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እንደ ልጅ የምትታየዋ ደግሞ ቦርሳዋን ይዛ አውቶቡሱ ድረስ ትሸኛታለች። የቤቱ ልጅ ስትታመም ሐኪም ይጠራል፤ ይህቺኛዋ ዝንጅብል ጠጥታ ትነሣለች። ሁለት፣ ሦስት ዓመት የቆዩ አሉ፤ ልብስ ተገዝቶላቸዋል፣ ለእናታቸው አንዳንዴ በኤምፔሳ ተልኮላቸዋል፣ ደመወዝ የሚባል ግን ቆጥረው አያውቁም። ስትጠይቅ «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ!» ይሏታል። እሷም ታፍራለች። ባዕድ አሠሪ ሰዓት ሲያበዛ ሠራተኛዋ ልትቆጣ ትችላለች፤ ጋሼና እትዬ ሲያበዙት ግን መቆጣት እንደ ውለታ ቢስነት ይቆጠራል። ይህንን የነገሩን ሴቶች ሁሉ በመጨረሻ የጨመሩት ዓረፍተ ነገር አንድ ነበር፦ «ስማቸውን እንዳትጽፉ፣ ክፉ ሰዎች አይደሉም።» እኛም ክፉ ናቸው አንልም። ግን የኬንያ ሕግ «እንደ ልጄ» የሚል የሥራ መደብ የለውም። ሥራ ከሆነ ደመወዝና ሰዓት አለው፤ ማሳደግ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤት አለው።

ይህ አመለካከት ሩንዳ ላይ የተወለደ አይደለም፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። የእኛ ሰው ዕረፍትን አያውቅም ቢባል ስሕተት ነው። በአማራ ገጠር ገበሬው ቅዳሜና እሑድ አያርስም፤ በወር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ባለ ወልድ እያለ ሞፈሩን ይሰቅላል። የቅዳሜ ዕረፍት ብቻውን ስንት ክርክር እንዳስነሣ የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜን አከበራችሁ ተብለው ተሰደውበታል፣ በመጨረሻም በ1450 በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። ሙስሊም ወገኖቻችንም ጁምዓ ሲደርስ ሱቁን ዘግተው ይሄዳሉ። ዕረፍት በባህላችን ክብር አለው።

ግን በበዓል ቀን ማን ነበር ያረፈው? ሞፈርና ቀንበሩ ተሰቅሏል። ወፍጮም፣ ፍተላም፣ ልብስ ማጠብም ተከልክሏል። እናቶቻችን ግን ውሃ ቀድተዋል፣ ወጥ ሠርተዋል፣ እንግዳ ተቀብለዋል፣ ሦስት ጊዜ ቡና አፍልተዋል። በዓል በመጣ ቁጥር እንዲያውም ሥራቸው ይጨምር ነበር። ይሄ ሥራ አይባልም ነበር፤ «ቤት ማለት» ነበር። ለዚህ ነው የዘንድሮዋ ልጅ ሩንዳ ሆና ከ11 እስከ 4 ስትሮጥ ሥራ በዛብኝ ለማለት አፏ የማይታዘዝላት። እናቷ ብላው አታውቅም። ጎረቤት የሚያመሰግናትም በዚሁ ነው፦ «ጎበዝ ናት፣ እጇ ሥራ አይፈታም፣ አትቀመጥም እኮ!»

ሥራ አይገድልም?

«ሥራ አይገድልም» የሚል አባባል አለን። ደግ አባባል ነው፤ ሰነፍን ለማነሣሣት ያገለግላል። እውነት ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አንድ ላይ ሆነው ያጠኑትን በሜይ 2021 አውጥተዋል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲወዳደር፣ በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት አደጋው 17 በመቶ ይጨምራል። በ2016 ብቻ በዚሁ ምክንያት 745 ሺህ ሰው መሞቱን ገምተዋል። የተነጋገርነው ስለ 55 ሰዓት ነው፤ የሩንዳዋ ልጅ 90 ላይ ናት።

ጃፓኖች ለዚህ ሞት ስም አውጥተውለታል፤ «ካሮሺ» ይሉታል፣ ከሥራ ብዛት የመጣ ሞት ማለት ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው በ1969 በጋዜጣ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ የ29 ዓመት ወጣት በስትሮክ ሲሞት ነው። ያን ጊዜ እነሱም እንደኛ ብዙ መሥራትን የጀግና ምልክት ያደርጉት ነበር። በ2014 ካሮሺን የሚከላከል ሕግ እስከ ማውጣት የደረሱት ስንቱን ቀብረው ነው።

ልብና አንጎል ሳይደርስ ቀድሞ የሚሄደው ሌላ ነው። ወገብ ይሄዳል፣ ጉልበት ይሄዳል፣ በሳሙናና በበረኪና የኖረ እጅ ይሰነጠቃል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትኩስ ዘይት ይዞ ይወድቃል። ሕፃን ይዞም ሊወድቅ ይችላልና፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ አሠሪ ካለ ለራሱ ልጅ ሲል ቢያስብበት አይጎዳም።

ስልኩ ሲደወል

ከካምፕ ስንደውል መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ደህና ነሽ?» ነው፤ እሷም «ደህና ነኝ» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ ስለ ገንዘብ ነው። በተለይ በ2025 ሬሽን እጅግ ከተቀነሰ ወዲህ ናይሮቢ ሰው ያለው ቤትና የሌለው ቤት ምድጃው ይለያል። ይህንን አይተን ዝም አንልም፤ የሚላከው ሁለትና ሦስት ሺህ ሺሊንግ ልጆች አብልቷል። እንዲህ ሆኖ ሳለ «ሥራውን ልለቅ ነው፣ አልቻልኩም» ስትል «ትንሽ ታገሺ፣ የሰው ሥራ እኮ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው» የምንላት እኛው ነን። አንዳንዶቻችን እንዲያውም አሠሪዋ ጋ ደውለን «ልጅ ናት፣ ይቅርታ ያድርጉላት» ብለናል። ዕረፍት ጠየቀች እንጂ ምን አጠፋች?

አንድ እናት እንዲህ አሉን፦ «እሷ አሥራ አምስት ሰዓት መሥራቷን አላውቅም ነበር። የሚመጣው ብር የስምንት ሰዓት ይመስል ነበር።» እኛ ስሌቱን ከላይ የጻፍነው በእሳቸው ምክንያት ነው።

ስለዚህ ስትደውሉ እነዚህንም ጠይቁ። ስንት ሰዓት ተነሣሽ? ስንት ሰዓት ተኛሽ? ኦፍሽ መቼ ነው? የተጻፈ ውል አለሽ? በሕጉ መሠረት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ሥራ በጽሑፍ ውል መሆን አለበት፤ ውሉን የማዘጋጀት ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋ ማንበብ ካልቻለች በምትሰማው ቋንቋ ሊያስረዳት ይገባል። ክርክር ቢነሣና አሠሪው ወረቀቱን ማቅረብ ካልቻለ የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። ስለዚህ «ወረቀት ስለሌለኝ አልከራከርም» ማለት ትክክል አይደለም፤ ወረቀት አለመኖሩ የሚጎዳው ይበልጥ እሱን ነው።

ነገሩ ቀላል ነው ብለን አናታልላችሁም። የ2021ዱ የስደተኞች ሕግ ለስደተኛ የመሥራት መብት ይሰጣል፤ «ክላስ ኤም» የሚባል የሥራ ፈቃድም አለ። ፈቃዱን በእጁ የያዘ ወገን ግን ጥቂት ነው፤ ከካምፕ ለመውጣትም የመንቀሳቀሻ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቷ ያልተስተካከለ ልጅ ሥራና ሠራተኛ ቢሮ ሄዳ ለመክሰስ ትፈራለች፤ አሠሪዋም መፍራቷን ያውቃል። በመሆኑም ከሁሉ በፊት ወረቀት ማስተካከል ይቀድማል፤ የሕግ ምክር በነፃ የሚሰጡ ቢሮዎች ካምፕም ናይሮቢም ስላሉ መጀመሪያ እነሱን ማማከር ይሻላል። የቤት ሠራተኞችን የሚያደራጅ የኬንያ ሠራተኞች ማኅበርም አለ፤ በአጭር ስሙ ኩዴሃ ይባላል። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ከሦስት ዓመት አያልፍም፤ ለአንዳንዱ ጥያቄ ከዚያም ያጠረ ነው። ሥራ ከለቀቁ በኋላ «አንድ ቀን እጠይቃለሁ» እያሉ ማሳደር መብትን ያስበላል።

ክስ የማትፈልግስ? ብዙዎቹ አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት በሰዓቱ መተኛት ነው። ለዚህ የሠራላቸው ሴቶች የነገሩን ዘዴ አንድ የሃያ ሺሊንግ ደብተር ነው። በየቀኑ የተነሡበትንና ሥራ የጨረሱበትን ሰዓት፣ የተቀበሉትን ገንዘብና ቀኑን ይጽፉበታል። አንዷ ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ለእመቤቷ አሳየቻት፤ ሳትጣላ፣ «እባክዎ ይዩልኝ» ብላ። እመቤቲቱ ቁጥሩን ስታየው ደነገጠች፤ እሷ ራሷ በቢሮዋ በሳምንት አርባ ሰዓት ነው የምትሠራው። ደመወዝ አልጨመረችም፤ ግን የማታው ሳህን ለጠዋት እንዲያድር ተስማሙ፣ ልጅቷም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መግባት ጀመረች። ሌላዋ ተመሳሳይ ደብተር አሳይታ በሳምንቱ ተባርራለች። ሁለቱንም የጻፍነው የሚመጣውን አውቃችሁ እንድትመክሩ ነው።

ደብተር ለሚጀምሩ አንድ ነገር እናስታውስ። በብዙ ቤት እሑድ ኦፍ ይባልና ቁርስ ተሠርቶ፣ ሳህን ታጥቦ፣ አልጋ ተነጥፎ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው፤ ለእራት ደግሞ 12 ሰዓት ላይ መመለስ አለ። ያ የዕረፍት ቀን አይደለም። ከአራት ሰዓት በፊትና ከ12 ሰዓት በኋላ የተሠራውም ደብተሩ ላይ ይግባ፤ በዕረፍት ቀን የተሠራ ስለሆነ በሁለት እጥፍ የሚታሰበው እሱ ነው።